«ኢያምቦስ» ከየት መጣ? ከስድብ ጨዋታ ስሙን ያገኘ የግጥም ምጣኔ

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። በእንግሊዝኛ ‹አያምብ› የሚባለው የግጥም ምጣኔ ስሙ ከላቲን ነው ወይስ ከግሪክ? ትርጉሙስ ምንድን ነው? ያነበብኩት መጽሐፍ ‹መወርወር› ከሚል የግሪክ ግሥ የመጣ ነው ይላል። መምህራችን ደግሞ ኢያምቤ ከምትባል ገረድ ስም የተወሰደ ነው ብለውናል። ማንን ልመን?»

ሁለቱንም አይመኑ ብዬ ልጀምር። መጽሐፉ ስቷል። መምህርዎ ግን ነገሩን ገለበጡት እንጂ ከእውነቱ ብዙም አልራቁም። ላቲን ቃሉን ከግሪክ እንደወሰደ አያከራክርም። ግሪክኛ በበኩሉ ከየት አገኘው ሲባል ነው ችግሩ የሚመጣው፤ በቋንቋው ውስጥ ዘመድ የሚሆነው የታወቀ ግሥም ሆነ ስም የለም። ትርጉሙም ከመነሻው ምጣኔ አልነበረም። ኢያምቦስ በበዓልና በግብዣ ላይ ሰውን የመንካት፣ የመዝለፍና የማሳቅ ጨዋታ ስም ነበር፤ ምጣኔው በጨዋታው ስም ተጠራ። እንዴት እንደምናውቅ ልንገርዎ፤ ረዘም ይላልና ይታገሱኝ።

መጀመሪያ ምጣኔው ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። የግሪክ ግጥም ቀለም መቁጠር ብቻ አይበቃውም፤ እያንዳንዱ ቀለም ረዥም ነው አጭር ብሎ ይመዝናል። በአማርኛ ለዚህ የሚቀርበው ማጥበቅና ማላላት ነው። «ገና አልመጣም» ስንል «ገ» ክፍት ሆና ቶሎ ታልፋለች። «ለገና በዓል» ስንል ግን «ና» ስለሚጠብቅ «ገ» በ«ን» ትዘጋና ጊዜ ትወስዳለች። የግሪክ ጆሮ እንዲህ በተነባቢ የተዘጋውን ቀለም ረዥም ይለዋል፤ አናባቢው ራሱ የሚረዝመውንም እንዲሁ። አጭር ቀድሞ ረዥም ሲከተለው ኢያምቦስ የሚባለው «እግር»፣ ማለትም የስንኝ መስፈሪያ፣ ይሆናል። ስሙን ራሱን ቀስ ብለው ይጥሩት፤ ኢ-አም ሲል አጭር-ረዥም ነው።

የጥንት ሰዋስውያን ስለዚህ ምጣኔ አንድ ተረት ያወሩ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የኤፌሶኑ ገጣሚ ሂፖናክስ በባሕር ዳር ሲሄድ ሱፍ የምታጥብ አሮጊት አገኘና ማጠቢያ ገንዳዋን ነካባት። አሮጊቷም «ሰውዬ፣ ሂድ ወዲያ! ገንዳዬን ትደፋዋለህ!» ብላ ጮኸችበት። በግሪክኛ ያለችው «አንትሮፕ አፔልቴ፣ ቴን ስካፌን አናትሬፔይስ» ነው። እንቁጠረው፦ አን-ትሮ-ፓ-ፔል፣ ቴ-ቴን-ስካ-ፌ፣ ና-ና-ትሬ-ፔይስ። 12 ቀለም ሆነ። ሚዛኑ ረዥም-ረዥም-አጭር-ረዥም ብሎ ይጀምርና ከዚያ በኋላ አጭር-ረዥም-አጭር-ረዥም እያለ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ የመጀመሪያዋ ቀለም አጭርም ረዥምም ብትሆን ይፈቀዳል። እንከን የለሽ የኢያምቦስ ስንኝ ነው፤ አሮጊቷ ግን ግጥም መግጠሟን እንኳ አታውቅም። ሂፖናክስ ምጣኔውን ከእሷ ቁጣ ወሰደ ይባላል። ተረቱ ለአሮጊቷ ስም አውጥቶላታል፤ ኢያምቤ ይላታል።

ታሪኩ ልብ ወለድ ለመሆኑ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ሌላው ገጣሚ አርኪሎኮስ ከሂፖናክስ መቶ ዓመት ቀድሞ በዚህ ምጣኔ ጽፏል። ተረቱን ያመጣሁት ሁለት እውነት ስለያዘ ነው። አንደኛው አርስቶትልም የታዘበው ነው፦ ከምጣኔዎች ሁሉ ለተራ ንግግር የሚቀርበው ኢያምቦስ ነው፤ ሰዎች ሲያወሩ ሳያስቡት ስንኙ ከአፋቸው ይወጣል። ሁለተኛው የሚበልጠው ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ስድብ ነው፤ ተሳዳቢዋም ሴት ናት። ይህን ይያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ከሌሎቹ የ«እግር» ስሞች ጋር እናስተያየው። ዳክቲሎስ «ጣት» ነው፤ አንድ ረዥም አንጓና ሁለት አጭር አንጓ። ትሮካዮስ «መሮጥ» ከሚለው ግሥ መጣ። ስፖንዴዮስ ሁለቱም ቀለሙ ረዥም ስለሆነ ከባድ ነው፤ ስሙን ያገኘው ለአማልክት ወይን ሲፈስ በዝግታ ከሚዜመው ዜማ ነው፤ «ስፖንዴ» ማለት ያ የሚፈሰው መሥዋዕት ነው። አናፓይስቶስ «ወደ ኋላ የተመታ» ማለት ሲሆን ዳክቲሎስን ገልብጠው ያወጡት ስም ነው። እነዚህን ማንኛውም አቴናዊ ያለ መዝገበ ቃላት ይረዳቸዋል። ኢያምቦስ ግን ለአቴናዊውም ዝግ ነው። ስለዚህም ነው ሰዋስውያኑ ተረት መፍጠር የጀመሩት።

ወደ ጥንቱ አጠቃቀም እንሂድ። ቃሉ በጽሑፍ ተርፎ መጀመሪያ የምናገኘው በፓሮስ ደሴቱ ገጣሚ በአርኪሎኮስ ነው፤ 7ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት። ዘመኑን የምናውቀው በአንድ ግጥሙ ዜውስ ቀትርን ሌሊት አደረገው ስለሚል ነው፤ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ይህን የፀሐይ ግርዶሽ ብዙውን ጊዜ በ648 ከክ.ል.በ. ያደርጉታል። የእህቱ ባል ባሕር ሰጥሞ ሞቶበት ወዳጆቹ ግጥም እንዲገጥም ሲወተውቱት «ኢያምቦስም ደስታም ደንታ አይሰጠኝም» ብሎ መለሰላቸው ይባላል። ስንኟ ደርሳናለች። ኢያምቦስን ያስቀመጠው ከደስታ ጎን ነው። ሐዘንተኛ ሰው «ምጣኔ አያስደስተኝም» አይልም፤ ጨዋታና ፈንጠዝያ አስጠልቶኛል ነው የሚለው። የሚገርመው ኢያምቦስ አልፈልግም የሚልባት ስንኝ በራሱ በኢያምቦስ ምጣኔ የተገጠመች መሆኗ ነው። ቀልድ ይሁን ልማድ እሱ ያውቃል።

አርስቶትል ነገሩን በትክክለኛው ቅደም ተከተል አስቀምጦታል። በሥነ ግጥም መጽሐፉ ምጣኔው ይህን ስም ያገኘው ሰዎች በእሱ «እርስ በርስ ኢያምቢዞን ይባባሉ ስለነበር ነው» ይላል። ግሡን ተርጓሚዎች «ይዘላለፉ» ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን በልጅነታችን የምናውቀውን «እንካ ስላንቲያ»ን ነው የሚያስታውሰኝ። «እንካ ስላንቲያ!» «በምንቲያ?» «በእንጀራ!» «ምን አለህ በእንጀራ?» «አፍንጫህን ይዞት ይብረር አሞራ!» ተሳዳቢው ቤት ካልመታ ተሸንፏል፤ ተሰዳቢው ከተቆጣ ደግሞ የባሰ ተሸንፏል። ኢያምቢዜይን ማለት በጨዋታ ሕግ ውስጥ ሆኖ መሳደብ ነው። ያው አርስቶትል በፖለቲካ መጽሐፉ ደግሞ ወጣቶች ከታላላቆች ጋር በማዕድ ተቀምጠው ወይን ለመጠጣት ዕድሜ እስኪደርሱ ኢያምቦስና ኮሜዲ እንዳያዩ ሕግ ይውጣ ይላል። «እንዳያዩ» ነው ያለው። አጭር-ረዥም የሆነ ቀለም ምን ይታያል? የሚታይ ትርኢት ነበር ማለት ነው፤ ለልጅ ጆሮም የማይመች።

ከሁሉ የምወደው ማስረጃ ግን ድንጋይ ነው። በፓሮስ ደሴት ለአርኪሎኮስ የክብር ቦታ ነበረው፤ ምኔሲኤፔስ የተባለ ሰው በ3ኛው ክፍለ ዘመን ከክ.ል.በ. ያስቀረጸው ጽሑፍ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ወጥቶ ታተመ። እንዲህ ይተርካል፦ አባቱ ልጅ አርኪሎኮስን ላም እንዲያመጣና እንዲሸጥ ወደ ገጠር ላከው። ጨረቃ ደምቃ ነበርና ገና ሳይነጋ ላሟን እየነዳ ወደ ከተማ ሲመለስ ብዙ ሴቶች መንገድ ላይ ያያል። ከእርሻ ሥራ ወደ ከተማ የሚገቡ መስለውት ጠጋ ብሎ ይቀልድባቸዋል፣ ያሾፍባቸዋል። እነሱም በሳቅና በጨዋታ ይቀበሉታል። «ላሟን ልትሸጣት ነው?» «አዎ።» «ተገቢውን ዋጋ እኛ እንሰጥሃለን።» ይህን ብለው እነሱም ላሟም ከዓይኑ ተሰወሩ፤ እግሩ ሥር ክራር መሳይ በገና ተቀምጧል። ሙሴዎቹ፣ የግጥምና የዜማ አማልክት፣ እነሱ ነበሩ።

ልብ ይበሉ፤ ይህ ሰው ገጣሚ የሆነው ሴቶችን በመንገድ ላይ በማሾፉ ነው። ሌላ ባለቅኔ ቢሆን ጸሎት ወይም ሕልም ይቀድም ነበር። ጽሑፉ ይቀጥላል። አርኪሎኮስ ለወይን አምላክ ለዲዮኒሶስ ክብር መዝሙር ለከተማው ሰው ያስተምራል፤ ሰዎቹ ግን ይከፉበታል። ድንጋዩ እዚህ ላይ ተሸራርፏል፤ ሆኖም «ከልክ በላይ ኢያምቢኮስ ነው» የሚል ትርጉም ያላት ቃል ትነበባለች። ምጣኔው በዛ ማለት አይደለም፤ ባለጌ ሆነ ማለት ነው። ከተማዋ ፈረደችበትና የወንዶቹ ወንድነት ደከመ። የአምላክ ቃል ወደሚጠየቅበት ዴልፊ ድረስ ሄደው ሲጠይቁ አርኪሎኮስን እስኪያከብሩ ድረስ መድኃኒት እንደማያገኙ ተነገራቸው።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ መልሶችዎ እንመለስ። «መወርወር» የሚለው የመጣው ኢያፕቶ ከሚል ግሥ ነው። የሆሜር ኢሊያድ ሦስተኛዋ ስንኝ ላይ የአኪሌስ ቁጣ የብዙ ጀግኖችን ነፍስ ወደ ሙታን ዓለም ሰደደ የሚለው ይኸው ግሥ ነው፣ መነሻ ቅጥያ ታክሎበት። ስድብ እንደ ጦር ይወረወራልና ኢያምቦስ ከኢያፕቶ ነው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ኢዮን ባዜይን» ብለው ፈቱት፤ «መርዝ መናገር» ማለት ነው። ያምራል። ግን የቃል ምንጭ ያምራል ተብሎ አይፈረድም። እኛም አገር የአንድ ቀበሌ ስም ሲጠየቅ ሁልጊዜ ንጉሡ በዚያ ሲያልፉ የተናገሩት ቃል ነው ይባል የለ? ነገሩ የሚሰናከለው በድምፅ ነው። ከ«ኢያፕት» ተነስቶ «ኢያምብ» የሚያደርስ የግሪክኛ የድምፅ ሕግ የለም። ተማሪ ሳለሁ እኔም ፈተና ላይ ኢያፕቶን ጽፌ ነበር። መምህሬ አንዲቷን «ም» ብቻ በቀይ ብዕር ከብበው መለሱልኝ፤ ሌላ አንድ ፊደል አልጨመሩም። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆሜ ነው የገባኝ፦ ይቺ «ም» ከየት መጣች?

ኢያምቤ ትቀራለች፤ እሷ ላይ ትንሽ እንቆይ። ታሪኳ ያለው ለእህል አምላኳ ለዴሜተር በተገጠመው የሆሜር መዝሙር በሚባለው ውስጥ ነው። መዝሙሩ ጠፍቶ ኖሮ በ1777 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ በአንድ ብቸኛ ቅጂ ተገኘ፤ ቅጂው ዛሬ ላይደን ነው ያለው። ዴሜተር ልጇ ፐርሴፎኔ ተጠልፋባት በአሮጊት መልክ ትንከራተታለች። ኤሌውሲስ ትደርስና ወደ ኬሌዎስ ቤት ትገባለች። እመቤቲቱ ሜታኔይራ ተነስታ የራሷን ወንበር ትለቅላታለች፤ አምላኳ ግን እምቢ ብላ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ ትቆማለች። ያኔ አስተዋዋ ኢያምቤ ተራ መቀመጫ ታመጣና ነጭ የበግ ለምድ ትጥልበታለች። ዴሜተር ትቀመጣለች፤ በእጇ መሸፈኛዋን ፊቷ ላይ ይዛ፣ ሳትናገር፣ ሳትስቅ፣ እህል ውኃ ሳትቀምስ። ለቅሶ ቤት የተቀመጠች እናት ያየ ሰው ሥዕሉን ያውቀዋል። ኢያምቤ በዚህ ጊዜ መቀለድና መንካት ትጀምራለች፤ ብዙ ታላግጣለች። በመጨረሻ አምላኳ ፈገግ ትላለች፣ ከዚያም ትስቃለች፣ ልቧ ይራራል። ወይን ሲቀርብላት አልጠጣም ብላ የገብስ ዱቄት በውኃና መዓዛ ባለው ቅጠል እንዲበጠበጥላት ታዛለች።

ያን የገብስ መጠጥ ኤሌውሲስ ላይ በሚደረገው የዴሜተር ምሥጢራዊ ሥርዓት የሚገቡ ሰዎች ይጠጡት ነበር። ቀልዱም በሥርዓቱ ነበረበት፤ ከአቴና ወደ ኤሌውሲስ የሚሄደው ሰልፍ የኬፊሶስን ወንዝ ድልድይ ሲያልፍ ታላላቅ ሰዎች ስድብ ይወርድባቸው ነበር። ቴስሞፎሪያ በሚባለው በዓል ሴቶች ለብቻቸው ተሰብስበው ብልግና ይቀላለዱ ነበር። በአፖሎዶሮስ ስም የቆየው የተረቶች መድበል ሴቶቹ የሚቀላለዱት ኢያምቤ ዴሜተርን ስላሳቀቻት ነው ይላል። እዚህ ጋ ነው መምህርዎ ገለበጡት ያልኩት። ልማዱ ከተረቱ ይቀድማል። ሰዎች በበዓሉ ሲዛለፉ ይኖራሉ፤ ኋላ ልጅ «ለምንድን ነው የምንሳደበው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ሆና የምትመጣው ኢያምቤ ናት። ስሟ «ኢያምቦስ» የሚለው ቃል የሴት መድረሻ ተቀጥሎለት የወጣ ነው። መዝሙሩም ከአፏ የወጣ አንዲት ስንኝ አይጠቅስም፤ የተገጠመውም በሌላ ምጣኔ፣ ባለ ስድስት እግር በሆነው በሄክሳሜትር ነው። ስለዚህ ኢያምቤ ለቃሉ እናት ሳትሆን ልጅ ናት። ሆኖም ቃሉ የትኛው ቤት እንዳደገ ትነግረናለች። ገንዳዋ የተነካባትን አሮጊት አስታወሱ? የሴት አፍ፣ ስድብ፣ ሳቅ። ሰዋስውያኑ ተረቱን ሲፈጥሩ እንኳ ከዚያ ቤት አልወጡም።

ታዲያ ቃሉ ራሱ? ብቻውን ሲያዩት አይፈታም፤ ዘመዶቹን ሲሰበስቡ ግን ፊቱ ይታያል። ዲቲራምቦስ አለ፣ ለዲዮኒሶስ በስካር የሚዘመር መዝሙር፤ እሱንም መጀመሪያ የምናገኘው በዚያው በአርኪሎኮስ ነው፤ «አእምሮዬ በወይን መብረቅ ተመትቶ ዲቲራምቦስን ማስጀመር አውቅበታለሁ» ይላል። ትሪያምቦስ አለ፣ የዲዮኒሶስ ቅጽል ስምና መዝሙሩ። ኢቲምቦስ አለ፣ እሱም የዲዮኒሶስ ጭፈራ። ሁሉም በ«ምቦስ» ያልቃሉ፣ ሁሉም ከዘፈንና ከጭፈራ ጋር ናቸው፣ አንዳቸውም በግሪክኛ ሥር አይፈቱም። በ1936 እ.ኤ.አ. ብራንደንሽታይን የተባለ ሊቅ «አምቦስ»ን «ርምጃ» ብሎ ፈትቶ ኢያምቦስ ባለ ሁለት፣ ትሪያምቦስ ባለ ሦስት፣ ዲቲራምቦስ ባለ አራት ርምጃ ጭፈራ ነው አለ። ብልኅ ሐሳብ ነው፤ በየመማሪያ መጽሐፉም እንደ እርግጥ ተጽፎ ያገኙታል። እኔ አልገዛውም። «ትሪ» ሦስት ይመስላል እንበል፤ «ኢ» ሁለት፣ «ዲቲር» ደግሞ አራት የሚሆኑበት ቋንቋ የትኛው ነው? ዛሬ ሚዛን የሚደፋው ሮበርት ቤክስ በሥርወ ቃል መዝገቡ የያዘው አቋም ነው፦ እነዚህ ቃላት ግሪክኛ ተናጋሪዎች ወደዚያ ምድር ከመምጣታቸው በፊት ከነበረ ሕዝብ ቋንቋ የተወረሱ ናቸው። ያ ቋንቋ ጽሑፍ አልተወልንም፤ ስለዚህ «ትክክለኛ ትርጉሙ ይህ ነው» የሚልዎትን ሰው በጥርጣሬ ይዩት።

አንድ የማልተወው ነገር አለ። የአርኪሎኮስ ዋና ተሰዳቢ ሊካምቤስ ይባላል። ልጁን ኒዮቡሌን ሊድርለት ቃል ገብቶ አጠፈና ገጣሚው በስንኝ አዋረደው፤ ቤተሰቡ ታንቆ ሞተ እስኪባል ድረስ። የስሙን መጨረሻ ይስሙት፤ ሊክ-አምቤስ። በዚህ ምክንያት ሊካምቤስ ሥጋና ደም ያለው ሰው ሳይሆን የኢያምቦስ ጨዋታ ቋሚ ገጸ ባሕርይ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። እውነት ከሆነ የታንቆ መሞቱ ወሬ ቀልዱን ያልተረዱ ሰዎች የፈጠሩት ነው።

ወደ ላቲን ስንሻገር ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ከእነዚህ ወንድማማች ቃላት ሁለቱ ሮም የገቡት በተለያየ በር ነውና። አንዱ ትሪያምቦስ ነው። እሱ የገባው ከጥንት በአፍ፣ የሮም ጎረቤት በነበሩት በኤትሩስካውያን በኩል ነው። ኤትሩስክኛ «ብ»፣ «ድ»፣ «ግ» የሚሉ ድምፆች የሉትም፤ የግሪክኛው «ብ» በእነሱ አፍ «ፕ» ይሆናል። በዚያው መንገድ ግሪክኛው «ስፒሪዳ» ላቲን ሲደርስ «ስፖርታ» ሆኗል፣ ቅርጫት ማለት ነው። ትሪያምቦስም እንዲሁ «ትሪዩምፔ» ሆነ። ሮም ውስጥ አርቫሌስ የሚባሉ ካህናት ማሳን ለመባረክ የሚዘምሩት እጅግ ጥንታዊ መዝሙር አለ፤ በ218 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በእብነ በረድ ተቀርጾ በ1778 ተገኘ። የሚያበቃው «ትሪዩምፔ» እያለ አምስት ጊዜ በመጮህ ነው። የጭፈራቸውን ዓይነት ጽሑፉ «ትሪፖዳዌሩንት» በሚል ግሥ ይገልጸዋል፤ በሦስት ምት ረገጡ እንደ ማለት። ብራንደንሽታይን ይህን ሲያነብ ሳይደሰት አልቀረም።

ከዚያ ጩኸት ነው የሮማውያን የድል ሰልፍ፣ ትሪዩምፉስ፣ ስሙን ያገኘው። መጨረሻ ላይ ያለችው የ«ፍ» ድምፅ ኋላ የመጣች ጌጥ ናት፤ የሮማው አንደበተ ርቱዕ ኪኬሮ ራሱ የጥንቶቹን አነጋገር ተከትዬ «ትሪዩምፖስ» እል ነበር፣ ኋላ ለሕዝቡ ልማድ ተሸነፍኩ ይላል። የሮማው ሊቅ ዋሮም ወታደሮች በሰልፉ የሚጮኹት ጩኸት ከግሪኩ ትሪያምቦስ ሊሆን እንደሚችል ጽፏል።

በዚያ ሰልፍ ላይ ምን ይደረግ እንደነበር ያውቃሉ? በ46 ከክ.ል.በ. ዩልዮስ ቄሳር ጋልን ድል ያደረገበትን ሰልፍ ሲያከብር፣ ሠረገላውን የሚከተሉት የገዛ ወታደሮቹ ናቸው እንዲህ እያሉ የዘፈኑበት፦ «የከተማ ሰዎች፣ ሚስቶቻችሁን ጠብቁ! መላጣውን አመንዝራ ይዘን መጥተናል!» የታሪክ ጸሐፊው ስዌቶንዮስ መዝግቦታል። ቄሳር ያን ቀን ምንም ማለት አይችልም፤ ሕጉ ነው። ምጣኔው ደግሞ አርኪሎኮስ ብዙ ጊዜ የተጠቀመበት የሩጫ ምጣኔ፣ ትሮካዮስ ነው። ትሪያምቦስ ከኢያምቦስ ጋር ወንድም ነው ካልን፣ ወንድምየው ቋንቋ አቋርጦ፣ ስሙ ተለውጦ፣ ስድቡን ግን ሳይጥል ሮም ጎዳና ላይ ቆሟል። ይህ የሥርወ ቃል ማስረጃ አይደለም፤ በብዙ አገር በዓል ላይ ታላቅ ሰው ይሰደባል። ግን ባየሁት ቁጥር ያስቀኛል።

ኢያምቦስ ራሱ ሮም የገባው በሌላ በር ነው፤ በመጽሐፍ፣ ዘግይቶ፣ ከነሙሉ ልብሱ። «ብ» አልተነካችም፣ «ኢ» አልጠፋችም፣ መድረሻው ብቻ «ኡስ» ሆኖ ኢያምቡስ ተባለ። የሮማው ገጣሚ ሆራትዮስ 17 የኢያምቦስ ግጥሞችን የያዘ መድበል በ30 ከክ.ል.በ. ገደማ አወጣ። ኋላ ሲያወራ «የፓሮስን ኢያምቦስ መጀመሪያ ለላቲን ያሳየሁ እኔ ነኝ፤ የአርኪሎኮስን ምጣኔና ወኔ ተከተልኩ፣ ሊካምቤስን ያሳደዱትን ቃላት ግን አልወሰድኩም» ይላል። ምጣኔና ወኔ ሁለት ነገር መሆናቸውን ያውቃል ማለት ነው። ሆኖም «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ማለቱ ለካቱሉስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ይህ የላቲን ገጣሚ ከእሱ ቀድሞ ለቄሳር «ጥፋት በሌላቸው ኢያምቦቼ እንደገና ትቆጣለህ» ብሎ ጽፏል፤ ያቺ ግጥም ግን በ11 ቀለም ምጣኔ ነው የተገጠመችው፣ በኢያምቦስ አይደለም። ምጣኔ ቢሆን ኖሮ ስህተት ነበር። ስድብ ማለቱ ነው እንጂ። ከአርኪሎኮስ 600 ዓመት በኋላ፣ በሌላ ቋንቋ፣ ቃሉ አሁንም የድሮ ሥራውን ይሠራ ነበር።

ለፈተና የሚጠቅምዎ አንድ ነገር ልጨምር። ግሪኮች ኢያምቦስን ሁለት ሁለት እግር አጣምረው ስለሚቆጥሩ ባለ 12 ቀለሙ ስንኝ «ትሪሜትር»፣ ባለ ሦስት ልክ ይባላል። የላቲን ሰዎች በነጠላ እግር ስለሚቆጥሩ ያንኑ ርዝመት «ሴናሪዩስ»፣ ባለ ስድስት ይሉታል። ሆራትዮስ ስድስት ምት እያለው ሦስት የተባለው እግሩ ፈጣን ስለሆነ ነው ሲል አሳምሮ አልፎታል። እንግሊዝኛ ደግሞ ርዝመቱን ትቶ በድምፅ ጫና ተካው፤ ላላ-ጠንከር የሚል ምት ሲሰሙ አያምብ ይሉታል። ስለዚህ የሼክስፒር «አያምብ» እና የአርኪሎኮስ ኢያምቦስ ስም ይጋራሉ እንጂ የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም።

የስድብ ጨዋታ ስም ለምጣኔ መሰጠቱ እንግዳ ከሆነብዎ የራሳችንን ምጣኔዎች ይመልከቱ። አራት አራት ቀለም የሚይዘውን ቤት «ቡሄ በሉ» እንለዋለን። ቡሄ በዓል ነው፤ ልጆች በየደጁ እየዞሩ ሆያ ሆዬ የሚሉበት፣ ዳቦ የነፈገንም ባለቤት በዚያው ዜማ ሸንቆጥ የሚያደርጉበት። አራት ቀለም የሚል ትርጉም በስሙ ውስጥ የለም። ከሺህ ዓመት በኋላ የሚመጣ የሥርወ ቃል ተመራማሪ «ቡሄ» በምን ቋንቋ «አራት» ማለት እንደሆነ ሲፈልግ ቢያድር አይፍረዱበት።

በአማርኛ ስንጽፈው ምን እንበለው ለሚለው፣ ምርጫው የእርስዎ ነው። ስለ ሼክስፒር ሲጽፉ «አያምብ» ቢሉ ማንም አይቀየምም። ስለ አርኪሎኮስ ሲጽፉ ግን «ኢያምቦስ» ይበሉት፤ ሲያነቡትም «ኢ»ዋን አሳጥረው «አም» ላይ ትንሽ ይቆዩ።